ከጎን የማውቀው ፊት

የሰፈራችን ሴቶች ጨርቅ ይዘው ሲመጡ በር ላይ ቆመው የሚጠሩት እናቴን ነበር። እኔን ቢጠሩኝ ቶሎ እንደማልወጣ ያውቃሉ። «ያቺ ልጅሽ ሁለት ወፍ ትሳልልኝ፣ መሀላቸው ላይ አበባ ይኑር» ይሉና ነጩን የትራስ ልብስ ለእናቴ ይሰጧታል። እኔ ጓዳ ተቀምጬ እሰማለሁ። ከዚያ ወፎቹን በእርሳስ እስላለሁ፤ ከሥራቸው «መልካም እንቅልፍ» ብዬ እጽፋለሁ፤ እነሱ ደግሞ ወስደው በክር ይጠልፉታል። ያን ጊዜ አሰላ ከተማ ውስጥ ስንቱ ሰው በእኔ ወፎች ላይ ጭንቅላቱን አሳርፎ እንዳደረ አላውቅም። ፊታቸውንም አላውቀውም። የማውቀው ጫማቸውን ነው።

ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ያቆምኩት አባታችን ሲሞት ነው። እሱ ባይሞትም ብዙ የምገፋበት አይመስለኝም። አስተማሪው ስሜን ሲጠራ «አቤት» ማለት እያቃተኝ፣ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ቀሪ የተባልኩበት ቀን ብዙ ነው። ታላቅ ወንድሜም ትምህርቱን ትቶ አባታችን የተወልንን ጋሪ መንዳት ጀመረ። እሱ እንደኔ አልነበረም። ከአውቶቡስ መናኸሪያው እስከ ላይኛው ገበያ ድረስ የማያውቀው ሰው የለም፤ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ፣ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ እየገለበጠ ከሁሉም ጋር ይቀልዳል። እኔ እንግዳ ሲመጣ አልጋ ሥር ስለምገባ ያወጣልኝ ስም «ድመቷ» ነበር።

«ድመቷ፣ ውጪ! እንግዶቹ ሄደዋል። አጥንት ትተውልሻል።»

እናቴ ብቅል ትሸጥ ነበር። ገብሱን ትዘፈዝፋለች፣ በቅጠል ጠቅልላ ታበቅላለች፣ ታሰጣለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጆንያውን በወንድሜ ጋሪ ጭነን ገበያ እንወስደዋለን። እሱ ሁልጊዜ በቀኝ፣ እኔ በግራው እቀመጣለሁ። መንገድ ላይ ሰው ሰላም ሲለው እሱ ይመልሳል፤ እኔ የእሱን ጉንጭ ወይም የፈረሱን ጆሮ እያየሁ አልፋለሁ። ፈረሱ ከበቆጂ የመጣ ቀላ ያለ ዳማ ነበር፤ ጭላሎ ደመና ለብሶ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሰው ቀድሞ ያውቅና ጆሮውን ወደኋላ ያጥፋል።

አንድ ቀን ወንድሜ፣ «የጋሪዬ ጀርባ ላይ አንበሳ ሳዪልኝ» አለኝ።

«አንበሳ አይቼ አላውቅም።»

«እኔስ የት አይቼ? አፉን ከፈት፣ ጎፈሩን ብትን አድርጊውና ማን ይጠይቅሻል!»

እኔ ግን ያላየሁትን መሳል አይሆንልኝም። የትራሶቹ ወፎች እንኳ ግቢያችን ከሚመጡት ወፎች የተቀዱ ናቸው። እንስሳ እያዩት አያፍርም፣ የሚያየውንም አያሳፍርም፤ ስለዚህ የምችለውን ያህል ትክ ብዬ የማየው እንስሳን ነበር። በጋሪው ጀርባ ላይ የሳልኩለት የራሱን ፈረስ ነው። ሲያየው በሳቅ ፈረሰ።

«ፈረስ በፈረስ ሲጎተት ታይቶ ይታወቃል?»

ሌሎቹ ባለጋሪዎች ሲቀልዱበት ግን፣ «የናንተ አንድ ነው፤ የኔ ጋሪ ባለ ሁለት ፈረስ ነው» እያለ ይመልስላቸው ነበር።

ወንድሜን የወሰዱት ቅዳሜ ቀን ነው። እናቴ ትንሽ አሟት ስለነበር እኔም አብሬያት ቤት ቀርቼ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጋሪው ሲመጣ ድምፁን ሰማንና በሩን ከፈትን። ፈረሱ መንገዱን ያውቃል፤ ባዶውን ጋሪ እየጎተተ መጥቶ እንደወትሮው በራችን ላይ ቆመ። ልጓሙ መሬት ለመሬት ሲጎተት መጥቶ ጭቃ ሆኗል።

«ደግሞ የትኛው ጠላ ቤት ጥሎት መጣ?» አለች እናቴ እየሳቀች።

ጥቂት ቆይቶ ጎረቤታችን እየሮጠች መጣች። ገበያው ላይ አፈሳ ነበር። ገበያውን በአራቱም በኩል ዘግተው ወጣት የሆነውን ሁሉ ለውትድርና በመኪና ጭነዋል። እናቴ ጋቢውንና የተጠቀለለ ምግብ ይዛ ወደ ታጎሩበት ግቢ ሮጠች፤ ስትደርስ መኪኖቹ ሄደዋል። ጋቢውን መልሳ ይዛ መጣች።

ከዚያ በኋላ ስለ እሱ የሰማነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከሰሜን የተመለሰ የሰፈር ቁስለኛ «ደህና ነው፣ ከስቷል እንጂ» ብሎ ነገረን። እናቴ ይህችን ቃል ስንት ጊዜ እንደደጋገመቻት! «ከስቷል እንጂ ደህና ነው» ትላለች፤ ቃሉን ገልብጣ፣ ደህናውን ወደ መጨረሻ አምጥታ። ጋሪውን የሚነዳ ስላልነበረ ፈረሱንም ጋሪውንም ለአንድ የሮቤ ነጋዴ ሸጥናቸው። የሳልኩትም ፈረስ አብሮ ሄደ።

መርዶው የመጣው በጥቅምት፣ ማለዳ ነው። እናቴ ግቢ ውስጥ የበቀለውን ገብስ ሰሌን ላይ እየበተነች ነበር። የእድራችን ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከኋላቸው ሴቶቹ፣ ከሁሉም ኋላ አንድ የቀበሌ ሰው ሆነው በአጥሩ በር ሲገቡ አየቻቸው። ማንም ሳይናገር ገባት። ሴቶቹ እሪ አሉ። እኔ ጓዳ ውስጥ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

እናቴ ግን አላለቀሰችም። እጇ ላይ ያለውን ገብስ ቀስ ብላ ሰሌኑ ላይ አራገፈች።

«አስከሬኑስ?» አለች።

«እህቴ፣ ሩቅ ነው፤ እዚያው...» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

«ልብሱስ?»

ሽማግሌዎቹ ወደ ቀበሌው ሰው ዞሩ፤ እሱ ባዶ እጁን አሳየ።

«እንግዲያው ምኑን ላልቅስ? ፊቱን ሳላይ አላለቅስም።»

ሽማግሌዎቹ ለመኗት፣ ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ አጠገቧ ወደቁ፤ እሷ ደረቅ ዓይኗን ይዛ በመሀላቸው ተቀመጠች። በማግስቱም እንደዚያው ሆነች። በሦስተኛው ቀን ሰዎቹ ሲበተኑ ብቅሏን መልሳ መገልበጥ ጀመረች። ጎረቤታችን ጓዳ ድረስ መጥታ፣ «ይህቺ ሴት እንባዋ ወደ ውስጥ እየፈሰሰ ነው፤ ካላለቀሰች ትሞትብሻለች» አለችኝ። እኔም ፈርቼ ነበር። እናቴ እህል አትቀምስም ነበር። ሌሊት ሌሊት ዓይኗ ተከፍቶ አገኛታለሁ።

ፎቶግራፍ አልነበረውም። የነበረው አንድ ጉርድ ፎቶ መታወቂያው ላይ የተለጠፈው ነበር፤ መታወቂያው ደግሞ በኪሱ አብሮት ሄዷል። ቀበሌ ሄደን ስንጠይቅ በመዝገብ የነበረውንም ቅጂ ከእሱ ጋር ልከነዋል አሉን። ሌላው ሰው ልጁ ሩቅ ሲሞትበት ፎቶውን ከፍ አድርጎ፣ ልብሱን ዘርግቶ ያለቅሳል። ፈረስ ያለው ፈረሱን ጭኖ ለቅሶው መሀል ያዞረዋል። እኛ ፈረሱንም ሸጠናል፤ ልብሱም ቢሆን ከዚያች ጋቢ በቀር አልነበረንም።

የንስሐ አባታችን የሞተበት ቀን ስለማይታወቅ አርባውን ከመርዶው ቀን ጀምራችሁ ቁጠሩ አሉን። እሳቸው ከወጡ በኋላ እናቴ ወደ ጓዳ መጣችና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ለከተማው ሁሉ ወፍ ትስያለሽ» አለችኝ። «ለእኔ ልጄን ሳዪልኝ። ለአርባው ይድረስልኝ። እሱን ካየሁት አለቅሳለሁ።»

እሺ አልኩ። እምቢ የምልበት አፍ ከየት ይመጣል?

የዘይት ካርቶን ቀድጄ፣ ከሰል አሹዬ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የሳልኩት ፊት እንደ ትራሶቹ ወፎች ያምር ነበር። ቆንጆ፣ ለስላሳ፣ የማንም ያልሆነ። አጠፋሁት። ሁለተኛው ሳቀብኝ፤ የሞተ ሰው እንዴት ይስቃል ብዬ እሱንም አጠፋሁት። እናቴ እንድታለቅስ የምፈልገው ለሞተው ልጇ ነው፤ ሞት ደግሞ ምን እንደሚመስል አላውቅም። አባቴ ሲሞት ገንዘው ሸፍነውታል፤ እኔም የነበርኩት ጓዳ ነው። ሞት ሳላይ እንዴት ብዬ ልሳለው? ያላየሁት አንበሳ ሆነብኝ።

ስለዚህ ፍለጋ ጀመርኩ። ሰው ሲሞት ቆሜ ላይ አልችልም፤ የምችለው እንስሳን ማየት ነው። ከሥጋ ቤቱ ጓሮ የበግ ጭንቅላት አየሁ፤ እሱ ግን ሥጋ እንጂ ሞት አይመስልም። አንድ ጠዋት ማዘጋጃ ቤቱ በመርዝ ያስገደላቸው ውሾች ከቦዩ ዳር ተዘርረው ነበር፤ ጥርሳቸው ገጥጦ፣ እግራቸው ደርቆ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሞነጫጨርኩ። የሚያልፉት ሰዎች «ያቺ ልጅ ወንድሟ ሲሞት ልቧ ሄደ» ሲሉ ሰማሁ። ውሾቹን ያየኋቸው ከሞቱ በኋላ ስለሆነ ሞቱ ራሱ አምልጦኛል። ሲመጣ ማየት ነበረብኝ።

አሰላ ውስጥ ያረጀ የጋሪ ፈረስ አይቀበርም፤ ይለቀቃል። እንዲህ ነው የሚባለው፤ «ለቀቅነው» ይላሉ። ጀርባው የተገጠበውን፣ እግሩ የዛለውን ልጓሙን አውልቀው ከከተማው በታች ካለው ሜዳ ያሰማሩትና ይመለሳሉ፤ የቀረውን ጅብ ይጨርሰዋል። እኔም ወደዚያ ወረድኩ። ከመንግሥት እርሻው ስንዴ ዳር፣ ንፋሱ ቢጫውን አዝመራ እያወዛወዘ በሚነፍስበት ቦታ አንድ አሮጌ ቡላ ፈረስ ብቻውን ቆሞ ነበር። የጎን አጥንቱ ይቆጠራል። ጋማው ላይ ጭንጎጎት ተጣብቆበታል። ራቅ ብዬ ተቀመጥኩና ካርቶኔን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ።

ጥቂት እንደሳልኩ ከኋላዬ ድምፅ መጣ።

«ኢንታላ! አንቺ ልጅ፣ ምን ትጽፊያለሽ?»

ዘወር ስል ከዘራ የያዙ፣ ጥምጥም የጠመጠሙ አንድ የአርሲ ሽማግሌ ቆመዋል። 

«አልጽፍም አባባ» አልኩ ጫማቸውን እያየሁ። የጎማ ጫማ ነበር።

«ወረቀት ይዘሽ? ማን ላከሽ? ከብት ልትመዘግቢ ነው?»

«ኧረ አይደለም። ፈረሱን እየሳልኩ ነው።»

«የኔ አይደለም» አሉ ቶሎ ብለው።

«የእርስዎ ነው አላልኩም።»

«ጻፊ! የእሳቸው አይደለም ብለሽ ጻፊ። እኔ ፈረስ የለኝም። በቅሎም የለኝም። ያለችኝ አንድ ላም ናት፤ እሷም ታማለች። እሱንም ጻፊ።»

ካርቶኑን አዙሬ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩት። ዓይናቸው ደካማ ስለነበረ ካርቶኑን ከእጄ ወስደው አስጠግተው፣ መልሰው አርቀው ተመለከቱት። ወደ ፈረሱ አዩ፤ ወደ ሥዕሉ አዩ።

«ያኛው የኔ አይደለም» አሉ። «ይሄኛው ግን የኔ ነው።»

ወንድሜ ከተወሰደ ወዲህ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅሁ ይመስለኛል። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጡና ነገሩኝ። ልጃቸው ከተማ በጋሪ ሲሠራበት የኖረ ፈረስ ነው። አሁን ልጁ «ይለቀቅ» ብሏል። እሳቸው ደግሞ ሰው እንዳይስቅባቸው ቀን ቀን ሜዳ ላይ የማንም እንዳልሆነ ይተዉታል፤ ሲመሽ ጅብ በቁሙ እንዳይበላው በጓሮ በኩል ያስገቡታል።

«ሰው ሲያየኝ አፍራለሁ» አሉኝ። «ፈረስ እንደ እንግዳ ሲያስተናግድ ይሉኛል።»

እኔ ስለማፈር የሚነግረኝ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም ነበር። ወንድሜ እንደሞተ፣ ለምን እንደምስልም ነገርኳቸው።  «ነገ በጊዜ ነዪ፤ ከአሁን በኋላ ብዙ አይቆይም» አሉኝ።

በየቀኑ ወረድኩ። ጉልበቱ ሲታጠፍ ሳልኩ፣ አንገቱ ሲዝል ሳልኩ፣ የታችኛው ከንፈሩ ተንጠልጥሎ ሲቀር ሳልኩ። እናቴ የት እንደምውል ጎረቤቶች ነግረዋት ነበር። የምትጠይቀኝ «ደረሰ?» ብላ ብቻ ነው። «አልደረሰም» እላታለሁ።

የመጨረሻው ቀን ስደርስ ፈረሱ በጎኑ ተጋድሞ ነበር፤ ሽማግሌው አጠገቡ ቁጢጥ ብለዋል። አንደኛው ዓይኑ ወደ ሣሩ ተቀብሯል፤ ሌላው ወደ ላይ ነው። ወደ ፊቱ ዞሬ ስቀመጥ እንደምንም አንገቱን አነሣና ራሱን ወደ ሌላ በኩል ሊያዞር ሞከረ። አልቻለም። እኔን ማየት ያልፈለገ መሰለኝ፤ እንደኔ ዓይነ አፋር ሆኖ ይሆናል ብዬ ወደ ጎኑ ተመለስኩለት።

ከዚያ የሳልኩት ያቺን አንድ ዓይን ብቻ ነው። በውስጧ ሰማዩ ነበር፤ ከሰማዩ በታች ደግሞ እኔ ራሴ ካርቶኔን እንደያዝኩ ትንሽ ሆኜ ታየሁ። ሆዱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ይቆያል፣ ከፍ ይላል። ከዚያ ቆየ፣ ቆየ። አንዲት ዝንብ መጥታ ዓይኑ ላይ አረፈች። አልጨፈነም። እኔ ግን አሁንም በዓይኑ ውስጥ ነበርኩ፤ ካርቶኔን እንደያዝኩ። ማንም የማያይበት ዓይን ውስጥ መቀመጥ ምን እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም። እዚያ ቁጭ ብዬ ስንት እንደቆየሁ እንጃ።

«ዱኤ» አሉ ሽማግሌው። ሞተ ማለታቸው ነው። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ጭንቅላቱን ሸፈኑት፤ ዙሪያቸውን አይተው ሰው አለመኖሩን ካረጋገጡ በኋላ።

ቤት ገብቼ ሳልተኛ፣ ሳልበላ ወንድሜን ሳልኩት። በጋሪው ላይ ከግራው ተቀምጬ እንደማውቀው አድርጌ። ጆሮው፣ የጉንጩ አጥንት፣ ሊናገር ሲል ቀደም ብሎ የሚንቀሳቀሰው የአገጩ ጫፍ፣ ሁሉም ሳልጠራው መጣ። ዓይኑን ሜዳው ላይ ያየሁትን የፈረሱን ዓይን አደረግሁት፤ የተከፈተ፣ ብርሃን ያለበት፣ የማያይ። ስጨርስ እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቀረሁ። እሱ ነበር። እሱ ነበር፤ ሞቷል። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ አድርጌ የሳልኩት ነገር የለም።

ለአርባው ሁለት ቀን ሲቀረው ለእናቴ ሰጠኋት። በር ላይ ብርሃን ወዳለበት ወጥታ አየችው። ትወድቃለች ብዬ እጆቼን ዘርግቼ ከኋላዋ ቆሜያለሁ።

«ሌላው ዓይኑስ?» አለች።

«በዚያ በኩል ነው እማዬ። ከጎኑ ስለሆነ አይታይም።»

«ለምን አይታይም?»

«ጎኑ ነዋ...»

«ጎኑን ማን ጠየቀሽ?» ካርቶኑን ወደ እኔ አዞረችው። «አንድ ዓይን! ልጄን አንድ ዓይን አደረግሽው? ከይሁዳ ጋር ደመርሽው? ከሰቀሉት ጋር?»

ያኔ ገባኝ። እናቴ ፊደል አትቆጥርም፤ የምታውቀው ሥዕል የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ነው። በዚያ ግድግዳ ላይ ጻድቃኑ፣ ሰማዕታቱ፣ መላእክቱ ሁሉ ፊታቸውን መልሰው በሁለት ዓይናቸው ያዩናል። በጎን ዞሮ አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታየው ይሁዳ ነው፣ ሰይጣን ነው፣ ጅራፍ የያዙት ወታደሮች ናቸው። ሠዓሊዎቹ ክፉውን ከደጉ የሚለዩት በዚህ ነው። እኔም ይህን ሳላውቀው የኖርኩ አይደለሁም፤ በየእሑዱ ሳየው ያደግሁት ነው። ግን ወንድሜን ስስል አንድም ጊዜ ትዝ አላለኝም።

«በወታደርነት ወሰዱት፣ አንቺም ወታደር አድርገሽ መለስሽልኝ» አለች። «ከበክት አጠገብ ስትውይ ከርመሽ የተማርሽውን በልጄ ፊት ላይ ታመጪብኛለሽ?»

 ካርቶኑን ግድግዳ አስደግፋ ትታው ገባች። እኔ ሌላ ካርቶን ቀደድኩ። ከፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን፣ ፃድቅ አድርጌ ልስለው ተቀመጥኩ። አፍንጫውን አስቀመጥኩ፤ ቆመ። ከአፍንጫው በግራ ያለውን አደረግሁ። በቀኝ በኩል ግን ባዶ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ፈለግሁት። ጋሪው ላይ ነው፣ ከጎኔ ነው። ማዕድ ላይ ነው፤ እኔ እጁን እያየሁ ነው። «ድመቷ» ብሎ አልጋ ሥር ጎንበስ ሲል ፊት ለፊቴ ነበር፤ እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኛለሁ። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ፊቱን ቀና ብዬ አላየሁትም ነበር።

በነጋታው እናቴ መጥታ ግማሹን ፊት አየችው።

«ለምን አትጨርሺውም?»

«አላውቀውም።»

«ምኑን?»

«ፊቱን አላውቀውም እማዬ። በዚህ በኩል ብቻ ነው የማውቀው።»

የምትጮህብኝ መስሎኝ ነበር። አልጮኸችም። አጠገቤ ተቀመጠች። ከዚያ ግድግዳ የተደገፈውን፣ የጎኑን ሥዕል አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገችና ከእጄ ከሰሉን ወሰደች። እናቴ በሕይወቷ እርሳስ ይዛ አታውቅም። ከሰሉን እንደ ማማሰያ በጡጫዋ ጨብጣ፣ በጉንጩና በጆሮው መሀል፣ ሰው ዓይን በሌለበት ቦታ፣ አንድ ዓይን ሳለችለት። ክብ፣ ትልቅ፣ እንደ መላእክቱ ዓይን። መሀሉን አጠቆረችው። ልከለክላት እጄን አንሥቼ ነበር፤ መልሼ አወረድኩት።

«ቅንድቡን አንቺ አድርጊው» አለች። «የኔ እጅ አልለመደውም።»

«እንደዚህኛው ላድርገው?»

«አይ፣ ያኛው መሀሉ ክፍት ነው።»

«ክፍት?»

«ጠባሳው ነዋ! ዳዴ ሲል ጥጃ የረገጠችው። እዚህ ጋ ፀጉር አይበቅልበትም።» በጣቷ በራሷ ቅንድብ ላይ አሳየችኝ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «አታውቂም?»

«አላውቅም።»

ቅንድቡን እሷ እንደነገረችኝ፣ መሀሉን ክፍት አድርጌ ሳልኩት።

በአርባው ቀን ድንኳኑ ውስጥ ንፋሱ ካርቶኑን አላስቆም አለ። ሁለት ጊዜ ከወንበሩ ላይ ወደቀ። ጎረቤታችን «አንቺ ያዥው» አለችኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት! ግን እምቢ ማለቱም መናገር ይጠይቃል። ከጭንቅላቴ በላይ ከፍ አድርጌ ያዝኩት። ሕዝቡ ክብ ሠርቶ ተነሣ። አንዲት ወጣት ቀስ ብላ፣ «ሁለቱም በአንድ በኩል ነው እንዴ?» ስትል ሰማሁ፤ አጠገቧ ያሉት ባልቴት «ዝም በይ፣ እያየን ነው» አሏት።

ማንም እኔን አላየም። ሁሉም የሚያዩት ከእኔ በላይ ያለውን ነበር። እና እኔ፣ ካርቶኑን ተከልዬ፣ ሰዎችን ቀና ብዬ ማየት ቻልኩ። ጫማቸውን ብቻ የማውቃቸውን ሴቶች ፊታቸውን አየሁ።

እናቴ ከመሀል ተነሥታ መጣች። በፊቴ ቆማ ሥዕሉን አየችው። ወደ ሁለቱም ዓይኖች አየች። ከዚያ ስሙን ጠራችው፤ ረጅም አድርጋ፣ ከሩቅ ሜዳ እንደምትጠራው አድርጋ ጠራችውና ፈነዳች። ሴቶቹ ደግፈው ያዟት። በመርዶው ቀን ያላለቀሰችው፣ ጋቢውን መልሳ ያመጣች ቀን ያላለቀሰችው ሁሉ አንድ ላይ ወጣ።

እኔ አላለቀስኩም። እሷን እያየኋት ነበር። ስታለቅስ የታችኛው ከንፈሯ ወደ አንድ በኩል ይሳባል፤ ይህን ከንፈር ከወንድሜ አውቀዋለሁ። ዓይኖቿ ተራርቀው ነው የተቀመጡት። ግንባሯ ከላይ ሰፍቶ ወደ ታች ይጠባል። በማላውቀው በኩል ያለው ጉንጭ፣ ያጣሁት የአፍንጫው ክንፍ፣ ሙሉ ፊቱ፣ እናቴ ፊት ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። በዚያ ጓዳ ውስጥ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ «ሳዪልኝ» ስትለኝ ቀና ብዬ ባያት ኖሮ ከእሷ ላይ እቀዳው ነበር።

ክንዴ ዛለ። ካርቶኑን ግን አላወረድኩትም፤ ሁሉም ሰው እሱን እያየ እስካለ ድረስ እኔ እሷን ማየት እችላለሁ።